ሳጥኑ አዲስ፣ ሞልዱ አሮጌ፦ የአውሮፕላን ሞዴል ጥራት ለምን እንዲህ ይራራቃል?

ባለፈው ክረምት ሁለት ሳጥኖች ተከታትለው እጄ ገቡ። አንዱን የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ በልብስ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ሌላውን አንድ ወዳጄ በጅቡቲ በኩል አስመጣልኝ። በሁለቱም ውስጥ ያለው ተገጣጥሞ የሚሠራ የፕላስቲክ አውሮፕላን (ኪት) ያው ነው፤ ኤፍ-5ኢ የሚባለው የአሜሪካ ተዋጊ ጄት። ስኬሉም ያው 1/72፤ ርዝመቱ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ። የዋጋ ልዩነታቸው ለወሬ አይበቃም።

አንደኛው በሦስት ምሽት አለቀ። ክንፉ ገላው ላይ ሲገባ "ቀጭ" ብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛው ሁለት ወር በላ። የግራ ክንፉ ጠማማ ነው። የገላው ሁለት ግማሾች ሲገጠሙ አንዱ ከሌላው ይረዝማል። ጠርዙ ላይ ሁሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ትርፍ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል። የፓይለቱ መስታወት ወፍራምና ደብዛዛ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ ይመስላል። የሳጥኑ ሥዕል ግን ከሁለቱ የዚህኛው ነበር የሚያምረው።

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ገራዥ ያለው ጓደኛዬ አንድ ማታ ብቅ አለና ጠረጴዛዬን አየ። ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ምላጭ። "አቦ፣ ይሄ እኮ ሞዴል አይደለም፤ ከግጭት የወጣ ሚኒባስ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። የቦዲ ሥራ ነበር የያዝኩት።

ታዲያ ያው አውሮፕላን፣ ያው ስኬል፣ ያው ዋጋ ሆኖ እንዲህ የሚራራቀው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው "ብራንዱን አይተህ ግዛ" ይላል። አንዳንዱ "ውድ ከሆነ ጥሩ ነው" ይላል። ሁለቱም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ጉድ ያደርጋል። እኔ ከስንት ብስጭት በኋላ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሞልዱ የተሠራው መቼ ነው?

ሞልድ ምን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቤታችሁ የፕላስቲክ ባልዲ ካለ ገልብጡት። ታችኛው መሃል ላይ እንደ እምብርት ያለች ትንሽ ጠባሳ አለች። የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ብረቱ ቅርጽ የገባው በእሷ በኩል ነው። የአውሮፕላን ኪትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ይባላል፤ የቢክ እስክሪብቶ ብርሃን የሚያሳልፈው ገላ የሚሠራበት ዓይነት ነው። ከ200 ዲግሪ በላይ ይሞቅና በከፍተኛ ግፊት ሁለት ግማሽ ባለው የብረት ሞልድ ውስጥ ይገባል። ይቀዘቅዛል፣ ሞልዱ ይከፈታል፣ ትንንሽ ዘንጎች ከኋላ ገፍተው ያወጡታል።

ጥፋቱ ሁሉ የሚወለደው እዚህ ውስጥ ነው። የሞልዱ ሁለት ግማሾች በእርጅና ጥርቅም ብለው መዝጋት ካቃታቸው፣ ፕላስቲኩ በስንጥቁ ይወጣና ያ የሽንኩርት ልጣጭ ይፈጠራል። ወፍራም የሆነ ቦታ ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቅና ላዩ ይጎደጉዳል። በደንብ ሳይቀዘቅዝ ከወጣ ይጣመማል። ገፍተው የሚያወጡት ዘንጎች ደግሞ ክብ ምልክት ይተዋሉ። አስተዋይ ፋብሪካ ምልክቱን የማይታይ ቦታ ይደብቀዋል። ግድ የሌለው ኮክፒት (ፓይለቱ የሚቀመጥበት ክፍል) ግድግዳ ላይ መሃል ለመሃል ይተክልላችኋል፤ ብርጭቆ ወረቀት በማይገባበት ቦታ።

ሙቀቱ፣ ግፊቱና የማቀዝቀዣ ሰዓቱ በየዙሩ ሊለያይ ስለሚችል፣ ከአንድ ሞልድ የወጡ ሁለት ኪቶችም መንታ ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱ ገዢ ሲያመሰግን ሌላው ሲራገም ብትሰሙ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ወደ ዕድሜው እንምጣ። ብረት ቶሎ አያልቅም። አንድ ሞልድ አስርት ዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ ጣጣውም ያ ነው። በ1/72 የፕላስቲክ ኪት መሸጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ፍሮግ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ "ፔንግዊን" ብሎ ባወጣቸው ሞዴሎች። ሌላው የእንግሊዝ ኩባንያ ኤርፊክስ የመጀመሪያውን አውሮፕላኑን፣ ስፒትፋየርን፣ ያወጣው በ1953 ነው። በዚያ ዘመን ባለሙያው መጀመሪያ አውሮፕላኑን ከእንጨት አግዝፎ ይቀርጽ ነበር። ከዚያ ፓንቶግራፍ በሚባል መሣሪያ የእንጨቱን ቅርጽ እየተከተለ፣ እያሳነሰ ብረቱ ላይ ይገለብጠዋል። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ የቆመ አውሮፕላን በሌዘር ይለካል፣ ኮምፒውተር ላይ ይነደፋል፣ ብረቱንም በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ይቆርጠዋል።

ልዩነቱን በዓይን ለማየት የክንፉን መስመሮች እዩ። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ የብረት ቆርቆሮዎቹ የሚገናኙበት መስመር አለ። በድሮ ኪቶች ላይ ይህ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ እንደ ክር ይታያል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ሞልዱ ላይ የተጫረ ጭረት ፕላስቲኩ ላይ እብጠት ሆኖ ይወጣል፤ መጫር ደግሞ ቀላል ነው። መስመሩ ወደ ውስጥ የገባ እንዲሆን ከተፈለገ ግን ሞልዱ ላይ ዙሪያውን ሁሉ ፍቆ መስመሩን ብቻ ከፍ አድርጎ መተው ያስፈልጋል። ያ በእጅ ሲሠራ አበሳ ነበር።

በነገራችን ላይ ወደ ውስጥ የገባ መስመር ሁሉ ጥሩ ነው ማለትም አይደለም። ሂሳቡን እንሥራው። 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክፍተት ለ72 ሲካፈል 0.04 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከፀጉር ይቀጥናል። ኪቱ ላይ የተቆፈረው መስመር 0.2 ሚሊሜትር ቢሆን እንኳ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ14 ሚሊሜትር በላይ መሆኑ ነው። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይዞ የሚበር ጄት የለም። ስለዚህ ሁሉም ትንሽ ይዋሻሉ። ጥያቄው ማን በልኩ ዋሸ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። ሞልድ ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ከአገር አገር ይዞራል። ፍሮግ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲዘጋ ብዙዎቹ ሞልዶቹ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዱና "ኖቮ" በሚል ስም ገበያ ላይ ዋሉ። ሶቪየቶች የጀርመንና የጃፓን የጦር አውሮፕላኖችን አልፈለጓቸውም፤ የእነሱ ሞልዶች ሬቭል ለሚባለው ሌላ የኪት ኩባንያ ተሸጡ። የማችቦክስ ሞልዶችም በኋላ ሬቭል ቤት ገብተዋል። ሬቭልና ሞኖግራም በ1986 ስለተዋሃዱ የሞኖግራም የድሮ ሥራ በሬቭል ሳጥን ይወጣል። የሩሲያዋ ዝቬዝዳ የሠራችውን ሬቭል በራሱ ሳጥን ሲሸጠው፣ የጣሊያኗ ኢታሌሪ የሠራችውን ደግሞ ዝቬዝዳ ሸጣዋለች። የቼኳ ኤድዋርድም አንዳንዴ የሌላ ፋብሪካ ፕላስቲክ ገዝታ የራሷን ምልክትና ትንንሽ የብረት ዕቃዎች ጨምራ ታወጣለች።

እንግዲህ "ሬቭል ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" ብሎ መጠየቅ "የድሬ ቤት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" እንደማለት ነው። የቱ ሰፈር፣ መቼ የተሠራ? በአንድ አርማ ሥር የ1960ዎቹ ሞልድና የቅርቡ ሞልድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሳጥኑ አዲስ፣ ሥዕሉ አዲስ፣ ውስጡ ከእኔ የሚበልጥ ሽማግሌ።

ይህ ሕገወጥ አይደለም። ግን የወተት ፓኬት ላይ እንኳ ቀን ይጻፋል። ብዙ የኪት ሳጥን ላይ ሞልዱ የተሠራበትን ዓመት አታገኙም። ኤርፊክስ በቅርብ ዓመታት የድሮ ሥራዎቹን "ቪንቴጅ ክላሲክስ" በሚል የተለየ መስመር ሥር ማውጣቱ ለዚህ ነው የሚያስደስተኝ። አሮጌውን አሮጌ ብሎ ሸጠ። የሚገዛውም ለትዝታው ብሎ አውቆ ይገዛዋል። ፋብሪካዎቹ አሮጌውን የሚሟጥጡበትን ምክንያት ግን እረዳለሁ። አዲስ የብረት ሞልድ ማሠራት በብዙ አስር ሺህ ዶላር ይጠይቃል፤ ትልቅና ውስብስብ ከሆነም በመቶ ሺህ ይቆጠራል። የድሮው ሞልድ ወጪውን ከመለሰ ቆይቷል። ከእሱ የሚወጣው እያንዳንዱ ሳጥን ንጹህ ትርፍ ነው ማለት ይቻላል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አገጣጠም ነው። ሌላ፣ ከእሱ ጋር የማይገናኝ ጥራት አለ፤ ቅርጹ እውነተኛውን መምሰሉ። ይህን ያስተማረኝ ጎረቤታችን ነው። ጋሼ በወጣትነቱ የአየር ኃይል ቴክኒሺያን ነበር። ድሬዳዋ የአየር ኃይል ከተማ ስለሆነች እንዲህ ዓይነት ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ኤፍ-5ኢ ለዚህ ከተማ ሰው ዝም ብሎ አውሮፕላን አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1969 ክረምት የሶማሊያን ሚጎች የገጠመችው እሷ ናት። በነሐሴ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስም ከላይ ነበረች። ሚጎችን በመጣል የሚታወቀው፣ በኋላም ተይዞ 11 ዓመት ሶማሊያ የታሰረው ጄኔራል ለገሰ ተፈራ የበረረው ይህችኑ ነው።

ሁለቱንም ሞዴሎች በረንዳ ላይ አስቀመጥኩለት። በርጫ ላይ ነበር። መጀመሪያ ያነሳው ያንን በሦስት ምሽት ያለቀውን፣ "ቀጭ" ብሎ የገጠመውን ነው። ከፊት ለፊት አየው፣ ከጎን አየው፣ መልሶ አስቀመጠው።

"ይቺ አፍንጫዋ ወፍሯል" አለ።

ፎቶ አወጣሁ። ለካሁ። እውነትም አፍንጫው አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ወፍሯል። በ1/72 ላይ አንድ ሚሊሜትር በእውነተኛው 7.2 ሴንቲሜትር ነው። አውሮፕላኑ ራሱ 14.45 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። ከዚያ ላይ ሚሊሜትር ተኩል ለእኔ ምንም አልነበረም። በየቀኑ ሲነካት ለኖረ ሰው ግን የሌላ ሰው ፊት ነው።

ስለዚህ ጥሩ የሚገጥም ኪት የተሳሳተ ቅርጽ ሊኖረው ይችላል። የተሟላ ስም ያላቸውም ይስታሉ። ኤድዋርድ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀርመኑን ሜሰርሽሚት 109ጂ በ1/48 አወጣች። ዝርዝሩ ድንቅ ነበር። ግን ከስኬሉ ገዝፎ ተገኘ። ሞዴል ሠሪዎች በካሊፐር እየለኩ ጮኹ። ኩባንያው ሞልዱን እንደ አዲስ ሠርቶ በ2016 መልሶ አወጣው። ያን ሁሉ ወጪ ሁለት ጊዜ ማውጣት ቀልድ አይደለም። እኔ በዚህ ምክንያት ኤድዋርድን ይበልጥ አከብራለሁ። ሁሉም ግን እንዲህ አያደርግም። ስህተቱን ይዞ ሃያ ዓመት የሚሸጥ ሞልቷል።

ከዚህ ወጣ ያሉ ሌሎች አሉ፤ ትንንሾቹ ፋብሪካዎች፣ በተለይ የቼክ። ሞልዳቸው የተወሰነ ቁጥር አውጥቶ የሚያበቃ ርካሽ ሞልድ ነው። ክንፉን ከገላው የሚያያይዝ መርፌ እንኳ የለውም፤ አስተካክሎ መያዝ የእናንተ ፈንታ ነው። እነዚህን እንደ አሮጌ ሞልድ አልፈርድባቸውም። ሌላው ብዙም የማይነካውን አውሮፕላን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የንጉሡ ዘመን አየር ኃይላችን ፌሪ ፋየርፍላይ የሚባል የእንግሊዝ አውሮፕላን ነበረው። የቼኳ ስፔሻል ሆቢ ፋየርፍላይን በ1/48 ሠርታዋለች። ስቱኮ ይፈልጋል? ይፈልጋል። ግን እንደነሱ ያሉት ባይኖሩ ብዙ ጊዜ አማራጩ ከእንጨት መቅረጽ ነበር።

ስለ ምልክቶቹም አንድ ነገር ልበል። አውሮፕላኑ ላይ የሚለጠፈው በውሃ የሚላቀቅ ስስ ስቲከር ነው። የጣሊያኑ ካርቶግራፍ ያተመው ከሆነ ሳጥኑ ላይ በኩራት ይጻፋል፤ ያንን ስታዩ ግማሹ ሐሳብ ቀለለ ማለት ነው። የረከሰው ቀለሙ ከጠርዙ ይወጣል፣ ሲቆይ ይቢጫል፣ ውሃ ሲነካው ይፈረካከሳል። ለእኛ ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። የኤፍ-5ኢ ሳጥን ስትከፍቱ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ ምልክት ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ክብ ራሳችሁ ማተም አለባችሁ። የቤት ፕሪንተር ደግሞ ነጭ ቀለም የለውም። ቢጫው ቡናማና አረንጓዴ ቡራቡሬ ላይ ሲለጠፍ ይጠፋል። እኔ መጀመሪያ ነጭ ክብ በብሩሽ ቀብቼ ነው ስቲከሩን ከላይ ያሳረፍኩት። አምስተኛው ላይ ተሳካ።

የድሬ ሙቀትም የራሱን ይጨምራል። ቀትር ላይ በስፕሬይ የተነፋ አክሪሊክ ቀለም ፕላስቲኩ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቃል። ላዩ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከዚያ "ቀለሙ መጥፎ ነው"፣ "ኪቱ መጥፎ ነው" ይባላል። ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። እኔ የምቀባው ጎሕ ሲቀድ ወይም ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። ሱፐር ግሉንም ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ቤተሰብ ለምዶታል።

ደግሞ የራሴን ጥፋት ለኪቱ የሰጠሁበት ጊዜ አለ። ቀለምና ቲነር ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን ሻንጣ አይገቡም። ስለዚህ ሰው ሳጥኑን ያመጣልኛል፣ ቀለሙን አያመጣልኝም። አንዴ ከገራዥ የመኪና ቀለም በቲነር በጥብጬ ቀባሁ። ጠዋት ስነሳ ክንፉ ላይ ያሉት መስመሮች ቀልጠው ጠፍተዋል። ጠንካራ ቲነር ፖሊስታይሪንን ይበላል። ለሳምንት ያህል "ፕላስቲኩ ርካሽ ነው" እያልኩ ስናገር ከረምኩ።

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚያንገበግበው በዋጋው ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። ያኔ በባንክ ሂሳብ 1,140 ብር የነበረው የ20 ዶላር ሳጥን ከ2,000 ብር በላይ ሆነ፤ የማጓጓዣ ሳይጨመር። ታይዋን ገበያ ወርዳችሁ ስልክም ጫማም ታገኛላችሁ፣ የሞዴል ኪት ግን አይደለም። ሰው መለመን፣ ሻንጣ መጠበቅ ነው። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሳጥን የሚያገኝ ሰው የተጣመመ ክንፍ ሲደርሰው ሄዶ አይመልስም።

ስለዚህ ከማዘዜ በፊት የሳጥኑን ሥዕል ማየት ትቻለሁ። ሥዕሉ የሠዓሊው ችሎታ ነው። የማየው የውስጡን ፎቶ ነው፤ ክፍሎቹ ፍሬማቸው ላይ እንዳሉ ሳይነቀሉ የተነሱትን። መስመሩ ከፍ ያለ ነው ወይስ የገባ? መስታወቱ ጥርት ያለ ነው? ጠርዙ ላይ ልጣጭ አለ? የኪቱን ቁጥር ይዤ ሞልዱ መጀመሪያ መቼና በማን ስም እንደወጣ እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋው የምነጋገረው። ከ1980ዎቹ በፊት የተሠራ ሆኖ ዋጋው እንደ አዲስ ከተወደደ አልፈዋለሁ። ከረከሰ ግን እወስደዋለሁ፤ ልጆች ሲማሩበት ስቱኮ መቀባትም ትምህርት ነው። የተጣመመ ክንፍ ላይ ደግሞ ተስፋ አይቆረጥም። ያልፈላ ግን ትኩስ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆይቶ፣ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተት ነው። ፖሊስታይሪን መልፈስፈስ የሚጀምረው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ስለሆነ የፈላ ውሃ ውስጥ ከጣላችሁት ሌላ ጣጣ ታመጣላችሁ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። አፍንጫዋ የወፈረውን ካስቀመጠ በኋላ ሁለተኛዋን አነሳ። ያቺን ሁለት ወር የበላችውን፣ በስቱኮ የቆመችውን። ዝም ብሎ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ በአውራ ጣቱ ከአፍንጫዋ ሥር ያለውን እግር ነካ አደረገ።

"ልትነሳ ስትል ይሄ ይረዝማል። አፍንጫዋ ቀና ይላል። እንደዚህ ዝቅ ብላ አትነሳም" አለኝ።

ልክ ነበር። ኤፍ-5ኢ ለመነሳት ስትዘጋጅ የፊት እግሯ ይረዝማል። ኪቱ የሰጠኝ አጭሩን ብቻ ነው። የልብስ መርፌ ቆርጬ እግሩን ሰንጥቄ መሃል ላይ ጨመርኩና አስረዘምኩት። አሁን የእሱ ቢፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ቆማለች። የግራ ክንፏ አሁንም ትንሽ ጠመም ይላል። አላየውም፣ ወይም አይቶ ዝም ብሎኛል።